ከገና እስከ ጥምቀት፦ ስለ ጦርነትና ስለ ዓለም ጉዳይ ምን እናንብብ?

የአንባቢያን ጥያቄና የአምዱ መልስ

በዓል ሲደርስና ሥራ ፋታ ሲሰጥ ስለ ጦርነትና ስለ መንግሥታት ግንኙነት ምን ቢነበብ ይሻላል የሚሉ ብዙ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። የመረጥናቸውን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል። ዓ.ም. ያልነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እ.አ.አ. ያልነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በገናና በጥምቀት መካከል ባሉት ቀናት ስለ ጦርነት በደንብ ማንበብ አስቤያለሁ። ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች፣ ኮሪያን፣ ቬትናምንና መካከለኛው ምሥራቅን የያዘ ዝርዝር ሠርቻለሁ። ከየቱ ልጀምር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዝርዝሩን ለጊዜው አጥፈው ያስቀምጡትና አንድ ጦርነት ብቻ ይምረጡ። አምስት ጦርነት በጥቂት ቀን የሚያልፍ አንባቢ ከስምና ከቀን በቀር የሚቀርለት ነገር የለም። አንዱን ጦርነት ከአሸናፊው አዛዥ፣ ከተሸነፈው አዛዥ፣ ከዲፕሎማቱና ከጋዜጠኛው አፍ የሰማ ግን ከዚያ በኋላ የሚያነበውን ማንኛውንም ጦርነት መመርመር ይችላል።

የምንመክርዎ የ1928 ዓ.ም. የኢጣልያን ወረራ ነው። ምርጫው የአገር ጉዳይ በመሆኑ ብቻ አይደለም። በጄኔቫ ይሰበሰብ የነበረው የመንግሥታቱ ማኅበር (የዛሬው የተባበሩት መንግሥታት ቀዳሚ) አባል አገር በሌላ አባል አገር ስትወረር ዓለም ምን እንዳደረገ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ማኅበሩ ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ማዕቀቡን በሥራ ላይ ሲያውል ነዳጅን አላካተተም፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ሰፊ የኢትዮጵያን ግዛት ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ በምስጢር አዘጋጁ፤ ጋዜጦች አወጡትና ፈረሰ። ዛሬ በዜና ስለ ማዕቀብ ሲሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ነዳጁስ? መተላለፊያውስ?» የሚለው መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምራል። በዚያ ላይ የሁለቱም ወገን ምስክሮች ጽፈዋል፤ የኛዎቹ ደግሞ በአማርኛ።

የገናን ዕለትና ከተራን አይቁጠሯቸው፤ እንግዳ ይመጣል፣ አይነበብም። ከታኅሣሥ 30 እስከ ጥር 9 ያሉት 10 ቀናት ይቀርዎታል። የመጀመሪያውን ቀን ለካርታ ይስጡት። ባዶ ወረቀት ላይ ሽሬን፣ ተምቤንን፣ መቀሌን፣ አምባ አራዶምን፣ ማይጨውን፣ የአሸንጌን ሐይቅ፣ ኮረምን፣ ደሴን፣ ጣርማበርንና አዲስ አበባን በእጅዎ ያስቀምጡ። ከታተመ ካርታ ማየት አይበቃም፤ ቦታውን ራሱ ያስቀመጠ ሰው ጦሩ ወደ ኋላ ሲል ወዴት እንዳለ አይጠፋውም። በዚያው ቀን ከባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ የወረራውን ክፍል ብቻ ያንብቡ። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ከጀመሩ በዓሉ ሳያልቅ ማይጨው አይደርሱም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን የጄኔቫ ነው። ኢትዮጵያን ወክለው በማኅበሩ ፊት የተከራከሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ኦቶባዮግራፊ (የሕይወቴ ታሪክ)» በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ጸሐፊው በሩስያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን ያረቀቁ ናቸው፤ ሰውን ሲተቹ አይራሩም። የሕፃንነት ታሪካቸው እጅግ ያምራል፤ እሱን ግን ለሌላ ጊዜ ያቆዩትና ወደ መጨረሻው ክፍል ይሂዱ። የአፄ ኃይለ ሥላሴን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያ መጽሐፍ ከጎኑ አድርገው ያንኑ ክርክር በንጉሠ ነገሥቱ ዓይን ይዩት። የሁለቱ አጻጻፍ አንድ አይደለም፤ ንባቡ የሚጣፍጠውም በዚህ ነው።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ወደ ግንባር ይውረዱ። ሁለት ምርጫ አለ። ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» ያሉት የሽሬ ግንባር አዛዥ ትዝታ ነው፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደምበጉይና የኢጣልያን ታንኮች የያዘው ጦር የእሳቸው ነበር። በዚያው በሰሜን ግንባር የነበሩት ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ «ትዝታ»ን ጽፈዋል። የአዛዥን ውሳኔ መከተል ከፈለጉ የመጀመሪያውን፣ የዘማቹን ረኃብ፣ ጉዞና የእስር ዘመን ለማየት ከፈለጉ ሁለተኛውን ይውሰዱ። በሦስት ቀን ሁለቱን መያዝ ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን የጠላት አዛዥ ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ስለ ዘመቻው የጻፈው መጽሐፍ ጦርነቱ ባበቃበት በ1936 እ.አ.አ. በሙሶሊኒ መቅድም ታተመ፤ እንግሊዝኛው ቀጥሎ ወጣ። ስንቅና መንገድ፣ የሻለቆች አሰላለፍና የመድፍ አጠቃቀም በዝርዝር አለበት። ስለ መርዝ ጋዙ ግን ቃል አይተነፍስም። ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 እ.አ.አ. የጄኔቫ ፕሮቶኮል አጽድቃ ነበር፤ የመከላከያ ሚኒስትሯ ጋዝ መጣሉን ያመኑት በ1996 እ.አ.አ. ነው። ስለዚህ ባዶሊዮን ሲያነቡ እርሳስ ይያዙና «የጠላት መከላከያ ተበተነ» የሚል አረፍተ ነገር በመጣ ቁጥር ከዳር ምልክት ያድርጉ፤ ያንኑ ቀንና ቦታ በራስ እምሩ ወይም በንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፍ ይፈልጉት።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚደናገርበት ነገር አለ። እኛ የማይጨው ጦርነት የምንለውን ኢጣልያኖች በአሸንጌ ሐይቅ ስም ይጠሩታል፤ አምባ አራዶምን ደግሞ የእንደርታ ጦርነት ይሉታል። ይህን ያላወቀ አንድን ውጊያ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ከካርታዎ ጀርባ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፤ በአንዱ የኛ ስም፣ በሁለተኛው የእነሱ ስም፣ በሦስተኛው ቀኑ ይግባ።

ዘጠነኛው ቀን የጋዜጠኛው ነው። ጆርጅ ስቲር ለለንደኑ «ታይምስ» ከአዲስ አበባ ይዘግብ ነበር፤ «ሲዘር ኢን አቢሲኒያ» የተባለው መጽሐፉ በ1936 እ.አ.አ. ወጣ። ለኢትዮጵያ ያለውን ፍቅር አይደብቅም፤ ይህን ከመነሻው አውቀው ያንብቡት። የሚታመነው በዓይኑ ባየው ነው፦ የኦጋዴን ግንባር፣ የአዲስ አበባ የዝግጅት ወራት፣ ከተማዋ በሚያዝያ መጨረሻ ስትዘረፍ። ማይጨው ላይ አልነበረም፤ ስለዚያ የጻፈው ከሌሎች የሰማውን ነው።

በአሥረኛው ቀን አዲስ መጽሐፍ አይክፈቱ። የመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ውጊያን ብቻ ከባዶሊዮ፣ ከንጉሠ ነገሥቱና ከስቲር እያመሳከሩ ያንብቡ፤ ጥቃቱ በስንት ሰዓት ተጀመረ፣ የክብር ዘበኛ መቼ ገባ፣ ማፈግፈጉ በየት በኩል ሆነ። ቀሪ ሰዓት ካለዎት ክር ወስደው ከደሴ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ካርታዎ ላይ ይለኩ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባዶሊዮ የመኪና ሠልፍ ከደሴ የተነሣው ሚያዝያ 18 ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። ከፊቱ የቆመ ትልቅ ጦር ሳይኖር ይህን ያህል ለምን ዘገየ? ዝናቡን፣ ጭቃውንና ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጣርማበርን የተናደ መንገድ ሲያገኙ መልሱ ይመጣል።

የንባብ ፍጥነትዎን አስቀድመው ይለኩ። ሰዓት ይዘው 20 ደቂቃ ያንብቡ፤ የተነበበውን ገጽ በሦስት ቢያባዙ የሰዓትዎን ያገኛሉ። ከዚያ ሩቡን ይቀንሱ፤ ካርታ ማየትና ማስታወሻ መጻፍ ጊዜ ይበላል። መጻሕፍቱን ከገና በፊት ይሰብስቡ። አዲስ አበባ የሚመጡ ከሆነ በ6 ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር የሚጠየቁ ቦታዎች ናቸው፤ ሁለቱም በበዓል ይዘጋሉ።

ጥያቄ፦ አማርኛና እንግሊዝኛ መጻሕፍትን እያቀያየርኩ ሳነብ ቀኑ ይምታታብኛል። የዓድዋ ድል አንዳንዱ መጽሐፍ ማርች 1፣ አንዳንዱ ማርች 2 ይላል። የቱ ነው ልክ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ውጊያው የተደረገው ማርች 1 ቀን 1896 እ.አ.አ. ነው፤ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። በዓሉ ግን ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 የካቲታቸውን 28 ቀን አድርጎ ሲያልፍ፣ የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን መጨመሩን አላቋረጠም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ሰፋ። ስለዚህ ከ1900 እ.አ.አ. በፊት ያለን ቀን በዛሬው ልክ የሚመልስ ሰው አንድ ቀን ይስታል። ስለ ዶጋሊ፣ ስለ መተማ፣ ስለ ዓድዋ ሲያነቡ ይህን ያስታውሱ።

ለዓመቱ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8 ይደምሩ። ወረራው የጀመረበት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ይሆናል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ የተናገሩበት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ጁን 30 ቀን 1936። በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ሁለት የአውሮፓ ዓመት መኖሩን የዘነጋ አንባቢ ወረራውን በአንድ ዓመት ያረዝመዋል።

ሦስት ተጨማሪ ወጥመዶች አሉ። የኢጣልያ ፋሽስት ሰነዶች ከኦክቶበር 1922 የሚቆጠር የራሳቸው ዓመት አላቸው፤ 14ኛው ዓመት ያሉት ከኦክቶበር 1935 እስከ ኦክቶበር 1936 ነው። የሩስያ መጻሕፍት እስከ 1918 መጀመሪያ በአሮጌው አቆጣጠር ስለሚጽፉ በ20ኛው መቶ ዓመት 13 ቀን ወደኋላ ናቸው። የአማርኛ ትዝታዎች «ከጧቱ በ12 ሰዓት» ሲሉ ደግሞ እንግሊዝኛው 6 ይላል። ከመጽሐፉ ዳር በእርሳስ ሁለቱንም ይጻፉ፤ ጭንቅላት ላይ አይተማመኑ።

ጥያቄ፦ አንደኛው የዓለም ጦርነት ለምን እንደተነሣ በአንድ ሳምንት ዕረፍት ለመረዳት የቱ መጽሐፍ ይበቃኛል? እንግሊዝኛና ጀርመንኛ አነባለሁ። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አንድ ብቻ አይበቃዎትም፤ ሁለቱን ከፍለው ያንብቡ። የባርባራ ታክማን «ዘ ገንስ ኦቭ ኦገስት» (1962 እ.አ.አ.) 22 ምዕራፍ አለው። በ1910 እ.አ.አ. በተደረገው የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ቀብር ይጀምርና የጦርነቱን የመጀመሪያ ወር ይተርካል። የጀርመን ጦር በቤልጂየም አቋርጦ ፈረንሳይን ለመክበብ ያወጣው ዕቅድ፣ የባቡር ሰሌዳው እንዴት ዲፕሎማቱን ጥሎ እንደሄደ ከዚህ በተሻለ የተጻፈ ማግኘት ከባድ ነው። ትልቅ ጉድለቱ የባልካን ጉዳይ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ጦርነቱ የተለኮሰው ደግሞ እዚያ ነው።

የክሪስቶፈር ክላርክ «ዘ ስሊፕዎከርስ» (2012 እ.አ.አ.) ይህን ይሞላል። በ1903 እ.አ.አ. የሰርቢያ ንጉሥና ንግሥት በገዛ መኮንኖቻቸው ከተገደሉበት ሌሊት ይነሣል። ሦስት ክፍል አለው። ሳምንት ብቻ ካለዎት አንደኛውንና ሦስተኛውን ክፍል አንብበው መካከለኛውን ለሌላ ጊዜ ይተዉት። ብዙዎች መጽሐፉን የሚያቋርጡት በዚያ መካከለኛ ክፍል ውስጥ በሚግተለተሉት የሚኒስትሮችና የአምባሳደሮች ስሞች ነው። በአምስት ዓምድ ቪየና፣ በርሊን፣ ፒተርስበርግ፣ ፓሪስና ለንደን ብለው ይክፈሉና እያንዳንዱን ስም ሲያገኙት በየከተማው ሥር ይጻፉት፤ ቤልግሬድን ከላይ ለብቻዋ ያስቀምጧት።

ክላርክ ጥፋቱን ለሁሉም ያካፍላል ተብሎ ይተቻል፤ በተለይ እርስዎ ባሉበት አገር ክርክሩ የቆየ ነው። ጀርመንኛ ካነበቡ በ1961 እ.አ.አ. ፍሪትስ ፊሸር ያሳተመውንና ዋናውን ኃላፊነት በበርሊን ላይ የጣለውን ጥናት መግቢያ ቢያዩ የተቃውሞውን ሥር ያገኙታል።

ጥያቄ፦ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ነኝ። የመሪዎችን ትዝታ ማንበብ እወዳለሁ፤ መምህራችን ግን «አትመኑት» ይሉናል። ታዲያ ለምን ይነበባል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይነበባል፤ ብቻህን ግን አታንብበው። ጥሩ መለማመጃ የሚሆንህ የኩባ ሚሳይል ቀውስ ነው፤ ሶቪየት በኩባ ባስቀመጠቻቸው ሚሳይሎች ምክንያት ከአሜሪካ ጋር የተፋጠጠችበት። የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ወንድም ሮበርት ኬኔዲ ስለ ጥቅምት 1962ቱ 13 ቀናት የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1969 ወጣ (በዚህ መልስ ዓመቶቹ ሁሉ እ.አ.አ. ናቸው)። በአንድ ቀን ያልቃል። ሶቪየት ሚሳይሎቿን ከኩባ ስታነሣ አሜሪካ በቱርክ ያሏትን 15 ጁፒተር ሚሳይሎች ማንሣቷ የስምምነቱ አካል እንዳልነበረ አድርጎ ያቀርበዋል። በ1989 ሞስኮ ላይ በተደረገ ጉባኤ መጽሐፉን ለኅትመት ያዘጋጀው ቴድ ሶረንሰን የሮበርት ማስታወሻ ስለ ልውውጡ ግልጽ እንደነበረ፣ ያን ከመጽሐፉ የሰረዘውም እሱ ራሱ ሶረንሰን እንደሆነ ተናገረ። ፕሬዚዳንቱ ስብሰባዎቹን በምስጢር ቀድተው ነበር፤ የቃል በቃል ቅጂው በ1997 በመጽሐፍ ወጣ። ወንድማቸው በመጽሐፉ ከመጀመሪያው ሰላማዊውን መንገድ የያዘ ይመስላል፤ በቀረጻው የመጀመሪያ ቀናት ግን ኃይለኛ ሐሳብ ሲያቀርብ ይሰማል።

አሁን አሠራሩ። ትዝታውን ከመክፈትህ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፍ፦ ድርጊቱ የተፈጸመበት ዓመት፣ መጽሐፉ የተጻፈበት ዓመት፣ በዚያ ጊዜ ጸሐፊው የነበረበት ሥልጣን፣ በመጽሐፉ የተወቀሱት ሰዎች በሕይወት ነበሩ ወይስ አልነበሩም። ቀጥለህ ሌሎች ሰነዶች ከዚያ በኋላ ተከፍተው እንደሆነ አጣራ። ስታነብ ጸሐፊው ራሱ ያየውን፣ የሰማውንና የገመተውን በሦስት ዓይነት ምልክት ለይ። ትዝታ በሰነድ የማይገኘውን ይሰጥሃል፤ በክፍሉ ውስጥ የነበረውን ፍርሃት፣ ማን ማንን ያምን እንደነበር፣ ምን እንደተባለ ሳይሆን ምን ሳይባል እንደቀረ። ለቀን፣ ለቁጥርና ለ«እኔ ብያቸው ነበር» ግን ሁለተኛ ምስክር ፈልግ። ስለ ደርግ ዘመን የተጻፉትን በርካታ የባለሥልጣናትና የመኮንኖች ትዝታዎችም በዚሁ መንገድ ስታያቸው እርስ በርስ የሚጣሉበት ቦታ ቶሎ ይታይሃል። በዚያ ዘመን ላይ ማመሳከሪያ ካስፈለገህ የገብሩ ታረቀ የኢትዮጵያ አብዮትና የአፍሪካ ቀንድ ጦርነት ጥናት (ዬል ዩኒቨርሲቲ፣ 2009) የኦጋዴንን፣ የናቅፋን፣ የአፍአበትንና የሽሬን ውጊያዎች በየምዕራፉ ይዟል።

ጥያቄ፦ በጡረታ ላይ ያለሁ መኮንን ነኝ። የፕሩሲያዊውን ጄኔራል የክላውዘቪትዝን የጦርነት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አላልፍም። ጉድለቱ ከማን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ክቡርነትዎ፣ መጽሐፉ ራሱ ያላለቀ ነው፤ «መጽሐፍ» በሚባሉ ስምንት ክፍሎች ተከፍሏል። ጸሐፊው በ1831 እ.አ.አ. ሲሞት ረቂቁን ማረም ላይ ነበር፤ ያሳተመችው በማግሥቱ ዓመት ባለቤቱ ማሪ ናት። በተወው ማስታወሻ ላይ የረካበት የመጀመሪያው መጽሐፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ እንደሆነ ጽፏል። ያ ምዕራፍ የሚከብድበት ምክንያት ደግሞ በመነሻው በሐሳብ ብቻ ያለ፣ ገደብ የሌለው ጦርነት ይገልጽና ገጾች አልፎ «በእውነቱ ዓለም ይህ አይሆንም» ብሎ ያፈርሰዋል። መነሻውን እንደ መመሪያ የወሰደ አንባቢ ግራ ይጋባል።

እርስዎ በመጀመሪያው መጽሐፍ 7ኛ ምዕራፍ ይጀምሩ። ጥቂት ገጽ ናት፤ በወረቀት ላይ ቀላል የሆነው ትእዛዝ በሜዳ ላይ በዝናብ፣ በድካም፣ በጠፋ መልእክተኛ ምክንያት እንዴት እንደሚከብድ የምትናገር። ጦር የመራ ሰው ወዲያው ያውቃታል። ቀጥለው በዚያው መጽሐፍ ስለ አደጋ፣ ስለ አካል ድካምና ስለ መረጃ የሚናገሩትን 4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ ምዕራፎች፣ ከዚያ ጦርነት ከፖለቲካ ጋር ስላለው ግንኙነት የሚናገረውን የስምንተኛውን መጽሐፍ 6ኛ ምዕራፍ ያንብቡ። ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ የሚመለሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለ ሰፈርና ስለ ወንዝ መከላከያ የሚያወሩትን አምስተኛውንና ስድስተኛውን መጽሐፎች መዝለል ነውር የለውም። ሲገዙ የማይክል ሃዋርድና የፒተር ፓሬት ትርጉም (1976 እ.አ.አ.) መሆኑን ያረጋግጡ፤ ርካሽ ሆነው የሚገኙት ብዙዎቹ ሰፊ ክፍል የተቆረጠላቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ የቤት ሠራተኛ ነኝ። የማነበው ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ በስልኬ ነው። እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። መጽሐፍ ለመግዛት ካርድ የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከጅዳ)

መልስ፦ እህታችን፣ ክፍያ የማይጠይቁ በጣም ጥሩ መጻሕፍት አሉ። የጸሐፊው መብት ጊዜው ያለፈበትን መጽሐፍ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በነጻ ያወርድልሻል፤ ሊብሪቮክስ ደግሞ በድምፅ። ዋይፋይ ባለበት ጊዜ አውርጂና ያለ ኢንተርኔት አንብቢ። ኢፐብ የሚባለውን ዓይነት ፋይል ምረጪ፤ ፊደሉን ማሳደግ ይቻላል። ፒዲኤፍ በትንሽ ስልክ ገጹን ግራና ቀኝ ያስጎትታል፤ ዓይንም ያደክማል።

በጥንታዊው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ በቱሲዲዲስ ጀምሪ፤ ሙሉውን ሳይሆን ከአምስተኛው መጽሐፍ ከቁጥር 84 እስከ 116 ያለውን ብቻ። በ416 ከክርስቶስ ልደት በፊት ኃያሏ አቴና ትንሿን የሜሎስ ደሴት «ወይ ገብሪ ወይ ትጠፊያለሽ» ስትላት በሁለቱ ተወካዮች መካከል የተደረገ የቃል ምልልስ ነው። የሁለት ማታ ንባብ ነው። ሜሎሳውያን በፍትሕና ይረዱናል ባሏቸው ወዳጆች ይተማመናሉ፤ መጨረሻው ወንዶቹ ተገድለው ሴቶችና ልጆች በባርነት መሸጣቸው ነው። በማግሥቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴን የጄኔቫ ንግግር አንብቢ፤ በኢንተርኔት ይገኛል። ከ2300 ዓመት በላይ ልዩነት ያላቸው ሁለት ጽሑፎች ስለ አንድ ነገር ሲከራከሩ ታገኛቸዋለሽ።

መግዛት ሲቻል ወይም ሰው ሲልክልሽ የስቬትላና አሌክሲየቪችን የሶቪየት ሴት ተዋጊዎች ምስክርነት እንመክራለን። በ1985 እ.አ.አ. የወጣ ነው፤ ጸሐፊዋ በ2015 እ.አ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ተኳሽ፣ ነርስ፣ አብራሪ፣ ልብስ አጣቢ የነበሩ ሴቶች በገዛ አንደበታቸው ይናገራሉ፤ ምስክርነቱ አጫጭር ስለሆነ ለደከመ ሰው ይመቻል። ከመኝታ በፊት ግን ከጥቂት ገጽ በላይ አትሂጂ፤ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጦር ሠራዊት ይገባል። የሚያየው ፊልምና ጌም ብቻ ነው። ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ያነባል፤ አማርኛው ደካማ ነው። (ከረሖቮት)

መልስ፦ የሬማርክን «በምዕራቡ ግንባር ምንም አዲስ ነገር የለም» (1929 እ.አ.አ.) ይስጡት፤ በዕብራይስጥ ይገኛል። ተራኪው በልጅዎ ዕድሜ አካባቢ ያለ፣ በመምህሩ ስብከት የዘመተ ልጅ ነው። ናዚዎች በ1933 እ.አ.አ. ካቃጠሏቸው መጻሕፍት አንዱ መሆኑንም ይንገሩት። ረጅም አይደለም። ብቻውን እንዲያነብ አይተዉት፤ እርስዎም አንብበው በእራት ሰዓት ያውሩ።

ስለ ዓለም ጉዳይ የቲም ማርሻል «ፕሪዝነርስ ኦቭ ጂኦግራፊ» (2015 እ.አ.አ.) ለወጣት ይቀላል፤ አሥር ካርታ፣ አሥር ምዕራፍ ነው። ድክመቱ ተራራና ወንዝ ሁሉን የሚወስኑ ያስመስላል፤ አፍሪካንም በአንድ ምዕራፍ ያጠቃልላታል። መጽሐፉ ሲወጣ የሕዳሴው ግድብ ገና ውኃ አልያዘም ነበር፤ ሙሌቱ የጀመረው በ2020 እ.አ.አ. ነው። የአፍሪካን ምዕራፍ ያንብብና ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ራሱ ይዘርዝር።

የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» (2019 እ.አ.አ.) ግን መጀመሪያ እርስዎ ያንብቡት። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች የተጻፈ፣ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ የገባ ድንቅ ልብ ወለድ ነው፤ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት በግልጽ ስላለበት ለ16 ዓመት ልጅ መቼ እንደሚሰጥ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ መደርደሪያ ፊት ቆሜ የትኛው የጦርነት መጽሐፍ ዋጋ እንዳለው በምን ልወቅ? (ከደሴ)

መልስ፦ ከኋላ ይክፈቱት። የግርጌ ወይም የመጨረሻ ማስታወሻ፣ የስምና የቦታ ማውጫ ከሌለው ትረካ ነው፤ ይነበባል እንጂ አይጠቀስም። ማስታወሻ ካለው አሥሩን በዓይንዎ ይለፉ፦ የሁለቱም ወገን ቋንቋ ምንጮች አሉ ወይስ የአንዱ ብቻ? ቀጥሎ ካርታዎቹን ይዩ። የሚያውቁትን አንድ ውጊያ በማውጫው ፈልገው ሁለት ገጽ ያንብቡ፤ የሚያውቁት ላይ ከተሳሳተ የማያውቁት ላይም ያሳስትዎታል።

ፎቶኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ መጽሐፍ ሲገዙ ደግሞ የገጽ ቁጥሮቹን እያገላበጡ ይቁጠሩ። ተጣጥፎ የሚወጣ ካርታ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቀዳ ይቀራል ወይም ግማሹ ብቻ ይመጣል፤ የጦርነት መጽሐፍ ካርታ ከጎደለው ዋጋው ከግማሽ በታች ሊሆን ይገባል። ሻጩ ዋናውን ቅጂ ካለው በስልክዎ የካርታውን ገጽ ፎቶ አንስተው ይሂዱ።